ሲፒዩው የተከፈተበት ሳምንት

ኅዳር 12፣ ሰኞ፣ ረፋድ

ድርግም አለ። አሁንም። ሙሽራዋ ከመኪናው ልትወርድ አንድ እግሯን ዘርግታ፣ እኔም የምቆርጥበትን ቦታ በመከራ አግኝቼ፣ ድርግም። መብራት እንዳይመስልሽ። መብራቱ አለ፣ ፍሪጁ ያጉረመርማል። የጠፋው ኮምፒዩተሩ ብቻ ነው። ሊጠፋ ሲል ዳገት እንደያዘ አውቶቡስ ያጓራል፣ ከዚያ ጸጥ። ጀርባውን ስነካው ያቃጥላል።

እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን መላክ አለብኝ። አንቺ ደብተር ታውቂያለሽ፣ ሌላ የሚያውቅ የለም። ሐዋሳ ያለ የቪዲዮ ስቱዲዮ የሰጠኝ ፈተና ነው። ያልተቆረጠ የሠርግ ቀረጻ ላኩልኝ፣ አሳጥረሽ አሳምረሽ መልሺልን አሉ። ከወደዱት ሥራው የኔ ነው። ሐዋሳ መኖር! በዚህ ዕድሜዬ ከሮቤ መውጣት! ለእማዬ ግን የጊኒር ሰዎች ሠርግ ነው ብያታለሁ። ለምን እንደዋሸሁ አትጠይቂኝ። ከአባዬ ሞት ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ነን፣ በቃ።

ውጭ ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ያቃጥላል፣ ኅዳር ሲታጠን። አጨዳውም ደርሷል። የኮምባይነሮቹ ድምፅ ከከተማው ዳር እዚህ ድረስ ይሰማል፣ ጭሱና የስንዴው ብናኝ ተደባልቀው ምራቄ ሳይቀር አቧራ አቧራ ይላል። እማዬ ከሚካኤል እንደተመለሰች መስኮቱን ዘጋጋች። ከዚያ መጥታ ለሲፒዩው ዳንቴሉን አለበሰችው። ራሷ በልኩ የሠራችው ነው፣ ነጭ፣ እንደ ቀሚስ እስከ እግሩ የሚደርስ። ቴሌቪዥኑም ለብሷል፣ ፍሪጁም፣ ሬዲዮውም። በዚህ ቤት ዳንቴል ያላለበስሽው እኔን ብቻ ነው አልኳት። ሳቀች።

እስኪበርድ እጠብቃለሁ። እግሬ አላርፍ ብሏል።

ኅዳር 13፣ ከቀኑ 5 ሰ.

ከድር ጋ ደወልኩ። ኮምፒዩተር ጠጋኙ፣ የት/ቤት ጓደኛዬ። ሱቁ ዝግ ነው። ለአክስቱ ለቅሶ ጊኒር ሄዷል፣ እስከ እሑድ አይመለስም። በሰው ሐዘን መሀል በመጨቅጨቄ አፈርኩ። እሱ ግን አካም ጅርታ ብሎ እኔን፣ እማዬን፣ አጎቴን ጋሼን፣ ላሟን ሳይቀር ጠይቆ ሳይጨርስ ወደ ጉዳዬ አላስገባኝም። ላም እኮ የለንም።

ነገርኩት። ከተገዛ ጀምሮ ተከፍቶ ያውቃል ወይ አለ። አያውቅም። ሳቀ። አቧራ ደፍኖት ነው፣ ሲግል ራሱን ለማዳን ይጠፋል፣ አመስግኚው እንጂ አትስደቢው አለኝ። እሺ፣ እኔ ልክፈተው? ሂንሶዳቲን፣ አትፍሪ። ገመዱን ሁሉ ንቀይ። ከነቀልሽ በኋላም ማብሪያውን ተጭነሽ ያዢ፣ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። ጠረጴዛ ላይ አድርጊው እንጂ ምንጣፍ ላይ አይሆንም። የሱፍ ሹራብሽን አውልቂ። ውስጡን ከመንካትሽ በፊት የኬዙን ብረት ንኪ። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይሁን። ፓወር ሰፕላዩን እንዳትፈቺ። እርጥብ ጨርቅ የሚባል ነገር እንዳላይ። ሱታ፣ ሱታ ይላል በየመሀሉ። ቀስ በይ። ከዚያ የመጨረሻዋ መጣች፦ «ንፋስ ስጪው፣ ግን —»

ኔትወርኩ ሄደ። ሄደ በቃ! ከ«ግን» በኋላ ምን እንዳለ እንጃ። ብደውል ብደውል ሊገኝ አልቻለም ትላለች ሴትዮዋ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ምሳ ላይ ጋሼ ታደሰ መጡ። የእማዬ ታላቅ ወንድም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ነድተው አሁን ጡረታ ወጥተዋል፣ ሞተር ያለው ነገር ሁሉ የሳቸው ዘመድ ነው። «ንፋስ» የምትለዋን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ንፋስ ከሆነማ ጎሚስታ ነው አሉ። የመኪና አየር ማጣሪያ የሚጸዳው ጎማ በሚነፋበት ኮምፕሬሰር አይደል? ለመኪና የሆነ ለዚህች ሳጥን ያንሳል? እኔ ከድር «ግን» ብሏል እላለሁ። «ግን» ያለውን ሲመጣ ይነግርሻል ይላሉ። እማዬም ደገፈቻቸው፣ አቧራው ቤቷ ውስጥ እንዳይራገፍ።

ነገ ጠዋት እንሄዳለን ተባለ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ለጋሼ እምቢ ይባላል?

ኅዳር 14፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 6 ሰ.

በንዴት ነው የምጽፈው። ጽሑፌ ካልተነበበሽ ቻይው።

በባጃጅ ሄድን። ሲፒዩውን እንደ ልጅ ጭኔ ላይ አቀፍኩት። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ስጨነቅ አፌ አያርፍምና የሐዋሳውን ነገር ለጋሼ ዘረገፍኩላቸው። እሰይ አሉ። ለእማዬ እንዳይነግሩ አስማልኳቸው። ማሉ።

ጎሚስታው በደስታ ተቀበለን። ጋሼ በካቻቢቴያቸው ብሎኖቹን ፈቱ። ቱቦው ተቀሰረ። አቧራው እንደ አውድማ ተነሣ፣ እኔም አነጠሰኝ፣ ጋሼ እዩልኝ እዩልኝ እያሉ አጨበጨቡ። ፋኑ ኤሌክትሪክ ሳይኖረው በንፋሱ ብቻ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ማፏጨት ጀመረ። ደስ አላለኝም። አቁም ልል አፌን ስከፍት ቱቦው አንዴ እንደ ማሳል አለና ውኃ ረጨ። ቅባት የነካው ውኃ። መሀል ቦርዱ ላይ።

ጮህኩ። ሰው ዞሮ አየኝ። ሌሊት በሮቤ ብርድ ታንከሩ ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል፣ ጠዋት ሲከፈት መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው አለ ጎሚስታው፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ። ለጎማ ምንም አይደለም እኮ! ጋሼ ፀሐይ ላይ ይደርቃል አሉ። ድምፃቸው ግን አነሰ።

ከድር ራሱ ደወለ። ነገርኩት። ወላሂ፣ ከ«ግን» በኋላ ያልኩሽ እኮ እሱን ነው አለ፦ ግን ጎሚስታ ጋ እንዳትወስጂው። የኳስ መንፊያ ይበቃ ነበር፣ ያውም ከራቅ ብሎ፣ ፋኑን በጣት ይዞ። ሮቤ ውስጥ ስንት ሰው በዚህ ኮምፒዩተሩን ገድሏል። ገና አላበራሽውም? አላበራሁትም። አልሐምዱሊላህ። እርጥቡን ደረቅ ወረቀት እንዲጠጣው ነካ ነካ አድርጊው እንጂ አትፈትጊው፣ እንደተከፈተ ጥላ ውስጥ አስቀምጪው፣ ዓርብ ከሰዓት ሳይሆን ገመዱን እንዳታይው።

ዓርብ ከሰዓት! ለቅዳሜ! ቁጭ ብዬ ብረት ሲደርቅ ልጠብቅ ነው እንግዲህ። ጋሼን መጥላት አማረኝ፣ አልቻልኩም። ራሴን መጥላት ግን ችያለሁ።

ኅዳር 15፣ ሐሙስ

አሥር ጊዜ እየተነሣሁ አየዋለሁ። ምን እንደማይ እንጃ። እንቅልፍ የለም። እማዬ ወገብሽ ይቀጫል ተቀመጪ ትላለች። እቀመጣለሁ። እነሣለሁ።

እጄ ሥራ ቢፈታ አብዳለሁና የከድርን ትእዛዝ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሹራብ ወለቀ። ብረቱን ነካሁ። ብሩሽ ፍለጋ ቤቱን አመስኩት፣ በመጨረሻ ለጓደኛዬ ሠርግ የገዛሁት የፊት ፓውደር መቀቢያ ተገኘ፣ እንደ ጥጥ የለሰለሰ፣ ፓውደር እምብዛም ያልነካው። ከላይ ወደ ታች፣ ሱታ ሱታ። ጎሚስታው ያራገፈው የላይ የላዩን ነው። ከፋኑ ሥር፣ የብረት ማቀዝቀዣው ክንፎች መሀል፣ ያ ሁሉ ንፋስ ያልደረሰበት አለ። በጥርስ እንጨት ጫፍ እያላቀቅኩ ሳወጣው እንደ ቡቱቶ ተጠቅልሎ ወጣ። የስንዴ እብቅ አለበት። ጥቀርሻ አለበት። የቀረው በሙሉ ግን ነጭ የጥጥ ብናኝ ነው።

ነጭ ጥጥ ከየት መጣ? ቁጭ ብዬ አየሁት። ከዚያ ገባኝ።

እማዬን ጠየቅኳት። መቼ መቼ ነው ዳንቴሉን የምታለብሺው? ሲጠፋ ነዋ አለች። መጥፋቱን በምን ታውቂያለሽ? ስክሪኑ ይጠቁራላ።

ደብተር፣ ስክሪኑ እኮ ሥራ ላይ ሆኖም ይጠቁራል! የተቆረጠውን ቪዲዮ እንዲያዘጋጅ አዝዤው ገበያ ስወጣ፣ በጣም የሚግለው ያኔ ነው፣ መተንፈሻው በጣም የሚያስፈልገው ያኔ። በዚያ ሰዓት ነው ቀሚስ የሚያጠልቀው። ክሩን በአፍንጫው እየሳበ።

ቀስ ብዬ መናገር እችል ነበር። አልቻልኩም። «አንቺ ነሽ ያነቅሽው» አልኳት። ሐዋሳ ሊያመልጠኝ መሆኑ፣ ጋሼ ውኃ ማስረጨታቸው፣ የሁሉም ንዴት እሷ ላይ ወጣ።

ዳንቴሉን አጣጥፋ ቁምሳጥን ውስጥ ከተተችው። ከዚያ የቴሌቪዥኑን አወለቀች። የፍሪጁን። የሬዲዮውን። ኧረ እነሱ ምንም አላሉም ብላት አልሰማችኝም። ሳሎኑ ሊለቀቅ የተዘጋጀ ቤት መሰለ።

ኅዳር 16፣ ዓርብ፣ 9 ሰ.

በስመ አብ ብዬ ሰካሁት። ዓይኔን ጨፍኜ ተጫንኩ።

ተነሣ! ፋኑ ትንሽ ይንጫጫል፣ የትናንት ወዲያው ፉጨት ጎድቶታል መሰለኝ። ግን ይዞራል። እጄን ከጀርባው አድርጌ ጠበቅኩ፣ ለብ ያለ ንፋስ ይወጣል። ለከድር ደወልኩለት፣ ማሻአላህ አለ፣ ፋኑን ሲመጣ ይቀይርልኛል። አሁን መቁረጥ ነው። የማለቅስ መስሎኝ ነበር፣ ጊዜ የለኝም።

ያው ቀን፣ 12 ሰ.

እየሠራ ነው፣ አልጠፋም። አንድ ነገር ግን ሆነ።

ጋሼ መጡ፣ ከረቡዕ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። በእጃቸው የሃረና ማር። ይቅርታ የሚሉት እንዲህ ነው። መሥራቱን ሲያዩ እፎይ አሉ፣ ደስታቸው ልክ አጣ። በደስታቸው መሀል ለእማዬ ምን አሏት መሰለሽ? አይዞሽ፣ ሐዋሳም ቢሆን ዘመድ አለን፣ ብቻዋን አትሆንም።

እማዬ ሻይ እየቀዳች ነበር። ሞልቶ ፈሰሰ። ጋሼ እኔን አዩ፣ እኔ መሬት አየሁ። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

እሷ ጠረጴዛውን ወለወለች። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 17፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ላክሁት። ረፋድ ላይ። መብራት ሳይጠፋ፣ ኔትወርክ ሳይሄድ፣ ኮምፒዩተሩ ሳይግል። ሄደ። ሙሽራዋ በመጨረሻ ከመኪናዋ ወረደች። ደስታ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩት፣ የለም። ቤቱን ሦስቴ ዞርኩት።

እማዬ ሳሎን ነበረች። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና ነገርኳት። የጊኒር ሠርግ የሚባል እንደሌለ። ፈተና እንደሆነ። እንድታዝን ስላልፈለግሁ አልኩ፣ ይሄም ግማሽ ውሸት ነው። ፊቷን አይቼ እቀራለሁ ብዬ ስለ ፈራሁ ነው። ይሄንንም ነገርኳት።

ከዚያ የተናገረችውን ቃል በቃል ልጻፈው፣ እንዳይጠፋብኝ። «ስክሪኑ ሲጠቁር ደስ ይለኛል። ዛሬስ ጨረሰች፣ አሁን ወጥታ ከኔ ጋ ትቀመጣለች እላለሁ። ሮጬ የማለብሰው እንዳትመለሺበት ነው። አቧራውስ ሰበብ ነው።»

አንገቷን አቀፍኳት። ስንት ማታ በዚያ በር ወጥቼ፣ ራቴን በልቼ፣ ተመልሼ ገብቻለሁ። እሷ ሳሎን፣ እኔ ከበሩ ወዲያ። ሐዋሳ ሳልሄድ ሄጄ ኖሯል።

ኅዳር 20፣ ማክሰኞ፣ ማታ 1 ሰ.

ደወሉ። ወደዱት። ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሪ አሉ። እንዲያ ስመኘው የኖርኩት ነገር ጆሮዬ ላይ ሲነገረኝ እሺ አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁ። ወዲያው ወጥቼ ለእማዬ ነገርኳት፣ በሰው አፍ ሳይሆን። መቼ አለች። ነገርኳት። ወፍራም ብርድ ልብስ አያስፈልግሽም፣ እዚያ ሙቀት ነው አለች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ቆየች።

እሄዳለሁ። ይሄ ተቆርጧል።

ሌላም ቆርጫለሁ፣ አንቺን ይመለከታል። እስከምሄድ ድረስ ማታ ማታ አልጽፍብሽም። ኮምፒዩተሩም ከ12 ሰዓት በኋላ አይበራም። አትቀየሚኝ፣ ይሄ ሰዓት የሷ ነው። አሁንም ሳሎን ብቻዋን ናት፣ ቴሌቪዥኑን እንኳ አልከፈተችም። በሩን ገርበብ አድርጌዋለሁ፣ ከዚህ ትታየኛለች። ጠዋት ሻይ ሳይፈላ እጽፍልሻለሁ፣ ወይም ምሳ ላይ፣ ስለ ሐዋሳውም ቤት ኪራይ ገና ያልነገርኩሽ

ጠራችኝ።