የአባባን ድምፅ የዋጠው ሚክሰር

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ታዲዮስ፣ አዲስ አበባ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ በኪዳነ ምሕረት ጥበቃ አለን፤ እኔ ግን ባንተ ተናድጃለሁ! ስቱዲዮዬ ሦስት ሰው እንኳ እንደማይዝ እያወቅህ፣ የምትገዛልኝ ዲጂታል የድምፅ ሚክሰር ሠላሳ ሁለት ማይክ የሚቀበል፣ ባለ ሠላሳ ሁለት ቻናል ካልሆነ ስትል ስድስት ወር አለፈ። አሥራ ስድስቱ ምን አነሰው?

ይሄ አሮጌ ሚክሰር የአባባን ድምፅ እየዋጠው ነው። አምና ዜማቸውን ስቀርጽ ድምፃቸው ከልክ አልፎ ቀዩ መብራት እየበራ፣ «ወደ ኋላ ፈቀቅ ይበሉልኝ» እላቸው ነበር። ትናንት ማይኩን ከከንፈራቸው አስጠግቼ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ የዝቅተኛው ድምፅ መብራት፣ አረንጓዴው እንኳ በስንት መከራ በራ። በዚያው ማይክ እኔ ስሞክረው ቀዩ ቦግ አለ። ሚክሰሩ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

የፈለግኸውን ግዛ። ግን በሰው እንዳትልከው፤ ራስህ ይዘኸው ና።

ቶሎ ያገናኘን።
እህትህ ማንጠግቦሽ፣ ከደብረ ማርቆስ