ያዢው ያልከኝ መስክ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የጨጓራህ ነገር ተሻለህ ወይስ አሁንም እንቅልፍ ይነሳሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እናንተ ዘንድ ብርዱ ቀድሞ ይገባል ብለኸኝ ነበርና ልጆቹን ደራርባችሁ አልብሷቸው። እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። የእማማ ጉልበት እንደ አየሩ ነው፤ ሲደምን ይይዛታል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይለቃታል። ላሞቹ ደህና ናቸው። ሰላምታዬን አሳጠረችብኝ እንዳትል ብዬ ነው እንጂ እኔስ ደህና አይደለሁም።

በስልክ የጀመርኩትን በስልክ ያልጨረስኩት እማማ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። ደግሞም በስልክ ታሸንፈኛለህ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እኔ ገና ሳስብ አንተ ተናግረህ ጨርሰሃል። ወረቀት ላይ ግን ልታቋርጠኝ አትችልምና አርፈህ ታነባለህ። ነገሩን ሳልሸፋፍን ልበለው፤ የግርጌውን መስክ ለባለበጎቹ ጎረቤታችን ሸጥከው። የሸጥከውም እኔ ከረግረጉ ውሃውን ማውጣት ሳልጀምር ነው። መኸሩን ሙሉ በጭቃ ስንቦራጨቅ እያወቅህ «በርቺ» ስትለኝ ከረምክ። መስኩን ብቻ አይደለም፣ እኔንም በቁሜ ነው የሸጥከኝ።

ያ መስክ ምን እንደነበር ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። ከሩቅ ሲያዩት ሣር ይመስላል፣ ሲረግጡት እስከ ጉልበት ይውጣል። ከደንገልና ከቄጠማ በቀር የረባ ነገር አይበቅልበትም ነበር። ላሞቹን ሳሰማራበት ሰኮናቸው ይበሰብሳል፣ ጉበታቸውን ትል ይበላዋል። ላዩ መስክ ደግሞ ድንጋይ ነው፤ ሁለት ላም እንኳ አጥግቦ አያሳድርም። ግርጌው ካልዳነ ላሞቹን መሸጥ ነበር የቀረኝ። ላሞቹ ከሌሉ ደግሞ እማማና እኔ ምን ይዘን እዚህ እንቀመጣለን? ይህን ከማንም በላይ አንተ ታውቃለህ።

አዎ፣ አባባ ሲያካፍለን ላዩ ለእማማና ለኔ፣ ግርጌው ላንተ ደረሰ። አልካድኩም። ነገር ግን የሄድክ ቀን፣ ሻንጣህ መኪናው ላይ ተጭኖ፣ እማማ እንባዋን እየጠረገች ወደ ውስጥ ከገባች በኋላ፣ ወደ ግርጌ በአገጭህ አመልክተህ «መስኩን አንቺ ያዢው» አልከኝ። «ያዢው» በሌላ ሰው ቤት ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። በኛ ቤት ግን ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። አባባ ከአፉ «ሰጠሁሽ» የሚል ቃል ወጥቶ አያውቅም፤ ስጦታ ሲሰጥ የሰረቀ ይመስል ያፍር ነበር። ጥጃ ሲሰጠን ገመዱን እጃችን ላይ ጣል ያደርግና «ያዢው»፣ «ያዘው» ብሎ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። በዚያ ቃል የተሰጠ ነገር ተመልሶ ተጠይቆ ያውቃል? ቀዩን ወይፈንህን አባባ «ያዘው» ብሎህ አልነበረም? ሸጠህ ያንን የሚያንጸባርቅ ጫማ ስትገዛበት፣ ላፍታ ጠብቅልኝ ብዬ ነው እንጂ ያንተ አይደለም ያለህ ሰው ነበር?

እኔም ያዝኩት። አፈሩ ሙቀቱን ሳይጨርስ፣ ቅጠሉ ገና መርገፍ ሲጀምር፣ ባለ ቁፋሮ መኪናውን አስመጣሁት። ጭሮ አዳሪ እያልን የምንጠራውን ማለቴ ነው። ሰውዬው መሬት ሲጭር ውሎ ስለሚያድር ስሙ ልክክ ብሎበታል፣ ራሱም ይስቅበታል። ለድካሙ ዳለቻዋን ጊደር ሰጠሁት። ይህንንም ነግሬሃለሁ። ጥሩ አድርገሻል፣ መሬት ከጊደር ይበልጣል ነው ያልከኝ። አነጋገርህ ሽማግሌ መሰለኝና ሳቅሁብህ።

ጭሮ አዳሪ ከላይ ወደ ታች ቦዩን ይቀድዳል፣ እኔ ቦቲዬን አጥልቄ ከኋላው ባለ ቀዳዳውን ቱቦ እዘረጋለሁ፣ በላዩ ጠጠር በአካፋ እመልሳለሁ። ቱቦው ትንሽ እንኳ ጎበጥ ካለ ውሃው እዚያው ይተኛል፤ ስለዚህ በሆዴ ተኝቼ ተዳፋቱን በዓይኔ እየለካሁ ነበር የምውለው። እማማ ማታ ስታየኝ ሰው ነሽ ወይስ የተለሰነ ግድግዳ አለችኝ። አንድ ቀን መኪናው ራሱ ማጡ ውስጥ ገብቶ እስከ ወገቡ ሰመጠ። ጭሮ አዳሪ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቁጭ አለና፣ እህቴ፣ እኔ የመጣሁት ውሃ ላወጣ ነው እንጂ ልዋኝ አይደለም ብሎ በሳቅ ገደለኝ። በትራክተር ጎትተን እስክናወጣው ሁለታችንም ጭቃ ከመሆናችን የተነሳ ውሻው እንኳ ጮኸብን።

ከዚያ ውሃው መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ ጥቁር ነበር፣ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። እያደር ጠራ። የቱቦው አፍ ላይ ተንበርክኬ ሳየው ደስታዬ ከአቅሜ በላይ ሆነና እጄን እንኳ ሳልታጠብ ደወልኩልህ። ታስታውሳለህ? ስልኩን ወደ ውሃው አስጠግቼ ድምፁን አሰማሁህ። አንተ ዝም አልክ። አልቅሶ ይሆናል ብዬ ስልኩን እዚያው ውሃው ላይ አቆየሁልህ።

ደንገሉን አጭደን፣ አርሰን፣ ኖራ በትነን፣ አፈሩን እንደ ዱቄት አደቀቅነው። ዘሩ ሣርና ማገጥ የሚባለው የመኖ ተክል የተቀላቀለበት ነው። ደቃቅ ስለሆነ ጠልቆ ከተቀበረ አይወጣም፤ ላይ ላዩን በትኖ በከባድ መዳመጫ መጫን ነው። መዳመጫውን ማን አዋሰኝ መሰለህ? ባለበጎቹ። ሳልጠይቀው በገዛ ትራክተሩ ጎትቶ አመጣልኝ።

እሱ እኮ ሥራው ከተጀመረ ጀምሮ ከአጥሩ አይጠፋም ነበር። ክርኑን አስደግፎ ይቆምና ያኛው ጥግ ውሃ ይቋጥራል ይለኛል፣ እኔም ሄጄ አስቆፍራለሁ። ትንሽ ጠለቅ ቢል ይላል፣ ጠለቅ አደርገዋለሁ። በመጨረሻ የመስኩን በር ከመንገዱ በኩል አንስተሽ ወደኔ በኩል ብታዞሪው ለትራክተር ይመቻል አለኝ። እኔ ሞኟ ቋሚዎቹን ነቅዬ በሩን በገዛ እጄ አዞርኩለት! ማታ ለእማማ ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው እያልኩ አወራሁላት። ለካ ሰውዬው የገዛ መስኩን ሥራ ነው የሚቆጣጠረው። እኔ የቀን ሠራተኛው ነበርኩ፣ ያውም ከቤቷ ጊደር ጨምራ የምትሠራ።

አንተም በየእሑዱ ስትደውል ከእማማ ጉልበት በፊት የምትጠይቀኝ ስለ ውሃው ነበር። ወጣ? ምን ያህል ቀረ? ብርዱ ሳይገባ ጨርሺው እንጂ። እኔ ደግሞ አገሩ ናፍቆት ነው እያልኩ ሆዴ ይባባልህ ነበር። የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ሸጠኸው ዝም ብትል ኖሮ ፈሪ ነው ብዬ እተውህ ነበር። አንተ ግን ዝም አላልክም፣ አበረታታኸኝ።

የሰማሁት እንዲህ ነው። ሣሩ በቅሎ መስኩ ላይ አረንጓዴ ጭላንጭል መታየት በጀመረበት ሰሞን የባለበጎቹ በጎች በአጥሩ ቀዳዳ አንገታቸውን ሲያሾልኩ አየሁ። አዲስ ሣር ሥሩ ገና ስላልያዘ በግ ሲግጠው ከነሥሩ ይነቅለዋል። እባክህ እስኪጠነክር ድረስ አርቅልኝ ልለው ሄድኩ። የአጥር ችካል እየጫነ ነበር። ደነገጠ። እጁን በሱሪው ጠረገና ወንድምሽ አልነገረሽም እንዴ አለኝ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ ነገረኝ። መኸሩ ሳይገባ ተነጋግራችሁ ጨርሳችኋል። ውሃው ከወጣለት እወስደዋለሁ ብሎህ ነበር፣ አንተም እህቴ ታወጣዋለች አልከው። ችካሉን ብርዱ እንዳለፈ እተክላለሁ አለኝ። እንዳዘነልኝ ሊያሳየኝ ደግሞ የመጀመሪያውን ድርቆሽ ብታጭጂ አልከለክልሽም አለኝ። በቅንነት ነው ያለው፣ እሱን አልቀየምኩትም። የሸጠለት አንተ ነህ።

ከጋጣው ጀርባ ሆኜ ስደውልልህ አንድ ነገር ጠብቄ ነበር። ጨነቀኝ፣ አፈርኩ፣ ይቅር በዪኝ ትላለህ ብዬ። አንተ ግን «ያዢው አልኩሽ እንጂ ውሰጂው አልኩሽ?» አልከኝ። የአባባን ቃል እንደ ባዕድ ሰው ተረጎምክልኝ። እዚህ ያለው ኑሮ አልገባሽም አልክ፣ ልጆቹ አደጉ አልክ፣ ቤቱ ጠበበን አልክ። ይሁን፣ እውነት ይሆናል። ችግርህን ብትነግረኝ ኖሮ አብረን እናስብበት ነበር፤ ቢያንስ ዳለቻዋ ጊደር በጋጣዋ ትሆን ነበር። ይህም አልበቃህ ብሎ ለእማማ ቀስ አድርገሽ ንገሪያት፣ አንቺ ታውቂበታለሽ አልከኝ። ስልኩን የዘጋሁብህ እዚህ ጋ ነው። መስመሩ ተቋርጦ አይደለም።

አሁን የምነግርህን ደግሞ ልብ ብለህ አንብብ። በማግስቱ አካፋዬን ይዤ ወደ ቱቦው አፍ ወረድኩ። የመስኩ ውሃ ሁሉ የሚወጣው በዚያች አፍ ብቻ ነው። ጭቃና ድንጋይ ጠቅጥቄ ብደፍናት ብርዱ ሳያልፍ መስኩ ተመልሶ ማጥ ይሆናል፣ ባለበጎቹም ውሃውን ሲያይ ይመልስልሃል። ጭቃውን አካፋዬ ላይ አንስቼ ነበር። ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም የተውኩት። ቀና ስል እማማን በመስኮቱ አየኋት። መኸሩ ከገባ ወዲህ ወንበሯን መስኮቱ ሥር አድርጋ የሣሩን መብቀል ስታይ ነው የምትውለው። እጇን አወዛወዘችልኝ። ጭቃውን ወረወርኩና እኔም አወዛወዝኩላት።

ስለዚህ መስክህ ደህና ነው፣ ውሃው ይወርዳል፣ ሣሩ ያምራል። ላሞቹ የቀረው ድርቆሽ እስኪያልቅ ይቆያሉ፣ ከዚያ ይሸጣሉ። ጭሮ አዳሪ ጉዱን ሲሰማ ጊደሯን ልመልስልሽ አለኝ፤ የሠራህበትን አልቀማህም ብዬ እምቢ አልኩት። ሽያጩን አፍርስ ብዬ አልለምንህም። አንድ ነገር ግን እወቅ፤ ለእማማ እኔ አልነግራትም። ያንን ሥራ እንኳ ራስህ ሥራው።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ እሷ ታውቅ እንደሆነና እንዳልሆነ መጠየቅ አልፈልግም። ትልቋን ልጅህን በሁለት ጉንጯ ሳምልኝ። ትንሹን ጥርሱ ወለቀ ሲባል ሰምቻለሁ፣ አክስትህ ስቃብሃለች በለው። አራስ ነች ስትሉኝ የነበረችው የአማትህ ልጅንም እንኳን ማርያም ማረሽ በሉልኝ።

እማማም ሰላም ብላሃለች። ይህን ስጽፍ ከጎኔ ናት። ለማን እንደምጽፍ ጠይቃኝ ላንተ ነው ስላት ደስ አላትና የራሷን መልእክት ጨመረች። ከሀገር የወጣኸው በዚያ ውሃ ተማርረህ ነው ብላ እንደምታምን ዛሬ ነው ያወቅሁት፤ እስከ ዛሬ በልቧ ይዛው ኖራለች። ያለችኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸው፦ «ልጄ፣ ውሃው ወጥቶልሃል። እህትህ አወጣችልህ። እንግዲህ የሚያስቀርህ የለም፣ ና።» ፍራሽህንም ፀሐይ ላይ አውጪለት ብላኝ አውጥቼ አስጥቼዋለሁ።

እህትህ

ከግርጌው መስክ በላይ ካለው ቤት
መኸሩ ሊወጣ ሲል፣ ሐሙስ ረፋድ