አባባ የነቀለው ሶኬት

ሐሙስ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቴፒ

ተመስገን፣ ኮምፒውተሬ ተነሳ!

ትናንት ከሰዓት አፕዴት እያደረገ ሳለ ነጎድጓድ ጀመረ። አባባ እንደ ልማዱ መብረቅ ፈርቶ ቤት ውስጥ የተሰካውን ሁሉ እየዞረ ነቀለ፤ የኔንም ጭምር። መልሼ ስሰካው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ አባባ እየነገረኝ የጻፍኳቸው የአፍ መፍቻ ቋንቋው የሸኮኛ ቃላት እዚያ ውስጥ ናቸው። ሌላ ቦታ አልገለበጥኳቸውም። ከንዴቴ የተነሳ ራት እንኳ አብሬው አልበላሁም።

ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሩን በባጃጅ ጭኜ ገበያው አጠገብ ኮምፒውተር ወደምትጠግነው ተሚማ ወሰድኩት።

«አይዞሽ፣ አልተቃጠለም። አፕዴቱ ግማሽ ላይ ተቋርጦ ነው» አለችኝ።

ያላለቀውን አፕዴት አጥፍታ ኮምፒውተሩን ወደ ድሮው መለሰችው። ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ቃላቱን ነው። አንድም አልጎደለም። አቅፌ ሳምኳት። እጇን ይባርክልኝ።

ቤት ገብቼ ቃላቱ ጠፍተው ሊቀሩ እንደነበር ለአባባ ነገርኩት። የተበላሸው እሱ ሶኬቱን ስለነቀለ መሆኑን ግን ዋጥ አደረግኩት።

«ለዚህ ነው ያኮረፍሽው? ቢጠፋስ? እኔ አለሁ አይደል? እንደገና እነግርሻለሁ» ብሎ ሳቀብኝ።

እኔም ለጨዋታ ያህል፣ በጉልበቱ ዘመን የንብ ቀፎ ይሰቅልበት የነበረውን የትልቁን ዛፍ ስም በሸኮኛ ጠየቅኩት። አምና ራሱ ነው የነገረኝ። ጣራ ጣራ እያየ ብዙ አሰበ። አልመጣለትም። ሳቁም ጠፋ። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ስሙን ፈለግኩና አነበብኩለት።

ፊቱ በራ።

«እሱ ነው! እሱ ነው!» አለ። «ማን ነገረሽ?»