በሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ስለ ቀረው አሮጌ ኤሲ፣ ለሕንፃችን አስተዳዳሪ

ላሪሳ፣ ረቡዕ ኦገስት 8። የጠዋቱ ቆጠራ፦ ሱቅ ሳልከፍት ዘጠኝ ስልክ ተደወለ። ከዘጠኙ ስድስቱ ከዚሁ ሕንፃ ነው፣ ከማርች ወዲህ ድምፃቸውን ካልሰማኋቸው ጎረቤቶች። መጋዘን ውስጥ ያለው፦ አዲስ ኤሲ አራት፣ ለመለዋወጫ የሚሆን አሮጌ አሥራ ሁለት። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሱቁ ደጃፍ ሠላሳ አንድ ዲግሪ ነበር። ቀጥሎ ያለው ዛሬ በአሳንሰሩ በር ላይ የለጠፍኩት ደብዳቤ ግልባጭ ነው።

ለክቡር አቶ ሊያንድሮስ ታታሪስ፣
የባለ አሥራ አራት ቤቱ ሕንፃችን አስተዳዳሪ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የአማትዎን ጤንነት እጠይቃለሁ፤ ከሰኞ ወዲህ እንቅልፍ እንደ ራቃችሁ በደረጃው ላይ ከፊታችሁ ስላነበብኩ፣ ላብ የማያቋርጠው ዕረፍት እንዲሰጣችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ቫያ ካራፊሊ፣ ከሕንፃው ሥር ኤሲ የምሸጥና የምጠግን፣ አራተኛ ፎቅ የምኖር ጎረቤትዎ፣ ደህና ነኝ። የእኔ ኤሲ ይሠራል።

አንደኛ፦ በፌብሩዋሪ ስላደረጉልን ጠቅላላ ጉባኤ አመሰግናለሁ። ወንበራችንን ከየቤታችን ተሸክመን መግቢያው ላይ አራት ሰዓት ሙሉ በተቀመጥንበት በዚያ ምሽት፣ የሕንፃውን ፊት ያበላሹትን የግድግዳ ኤሲዎች ሁሉ አውርደን በጣሪያው ላይ አንድ ትልቅ ማሽን እንድንተክል፣ ቀዝቃዛውንም አየር በቱቦ ወደየቤቱ እንድናወርድ ሐሳብ አቀረቡ። ሥራውን የሚሠራው ደግሞ ልጅዎን ክርስትና ያነሣው አበልጅዎ አቶ ዚሲስ ባርላስ እንደሚሆን ለቤቱ ገለጹ። እኔ በበኩሌ አንድ ማሽን ማለት አንድ ልብ ማለት መሆኑን፣ እሱ ሲቆም አሥራ አራት ቤት አብሮ እንደሚቆም፣ የግድግዳው ግን አንዱ ቢሞት አሥራ ሦስቱ እንደሚተርፉ ለማስረዳት ሞከርኩ። እርስዎም በታላቅ ጨዋነት፣ «ይሄ የሚናገረው ወይዘሮ ቫያ አይደሉም፤ ሱቃቸው ነው» አሉ። ሁሉም ሳቀ። እውነትም ስለነበረበት እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ የአበልጅዎ ሥራ መጥፎ አልነበረም። እንዲያውም ችግሬ የጀመረው ከዚያ ነው። የቆርቆሮው ቱቦ በደንብ ተገጥሟል፤ እኔንም እርስዎንም ቀብሮ ይኖራል። ጁንን ሙሉ ቅዝቃዜው ያለ አንዳች ድምፅ ነበር የሚወርደው፤ ከበረንዳ በረንዳ የሚንጠባጠብ ውሃ ቀረ፤ በሰው ልብስ ላይ ጠብ አለ ተብሎ የሚነሣው የየበጋው ጠብም ቀረ። እኔ የምሸጠው ዕቃ እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። በድምፅ ብልጫ ስለተወሰነ ቱቦው የእኔንም ቤት ሳያስፈቅድ ገብቶ ነበርና፣ ከአየር መውጫው ሥር ጋደም ብዬ፣ በዚያ ለስላሳ ብርድ እየተንቀጠቀጥኩ፣ የአቶ ዚሲስን ነጭ መኪና፣ በደረቱ ላይ ስሙ የተጠለፈበትን ሸሚዝ፣ ደረጃ ሲወጣ በር እየከፈቱ የሚጠሩትን የእኔን ደንበኞች አስብ ነበር። ቅዝቃዜው ግሩም ነበር። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ሁለተኛ፦ በአሳንሰሩ አጠገብ ስለለጠፉት ማስታወቂያ አመሰግናለሁ፤ በበጋ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል የዕረፍት ሰዓት ስለሆነ መዶሻ፣ መብሻ፣ ጩኸት ፈጽሞ የተከለከለ ነው ይላል። ታዲያ ማሽኑ ባለፈው ሰኞ ለመሞት የመረጠው ከዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ነው፤ ውጪው አርባ አንድ ዲግሪ ነበር። አቶ ዚሲስ በሩብ ሰዓት ውስጥ ደረሰ፤ ይህንንም አልክድም። ጣሪያው ላይ ወጥቶ የማሽኑን ሽፋን ለማስለቀቅ አንድ ጊዜ በመዶሻ ሲመታው፣ የሁለተኛ ፎቁ ጡረተኛ ዳኛ በፒጃማ ወጥተው ማስታወቂያዎን በጣታቸው አሳዩት። እሱም የእርስዎን ትእዛዝ አክብሮ፣ መሣሪያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ደረጃው ላይ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጠ። አሥራ ሁለት ቤተሰብ በሥርዓትና በጸጥታ ተቀቀለ።

ከዚያም በኋላ ችግሩ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ እንደሆነ ታወቀ። ቦርዱን የሚሠራው ፋብሪካ ውጭ አገር ነው፤ እንደ ማንኛውም ጨዋ ፋብሪካ ኦገስትን ዘግቶ ባሕር ዳርቻ ወርዷል፤ የሚከፍተው በሴፕቴምበር ነው። ሌላ ቦርድ ቢገኝ እንኳ የሻጩ ኮምፒዩተር ካልፈቀደለት ማሽኑ እንደማይቀበለው አቶ ዚሲስ ራሱ ነገረኝ። ሲነግረኝ ዓይኔን አላየኝም። በሙያው ውስጥ ላለን ሰዎች ይህን ለተቀናቃኝ መናገር ቀላል አይደለም።

ሦስተኛ፦ ስለ ወይዘሮ ፖሊክሴኒ። የሰማንያ አንድ ዓመቷ የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን ልብ እንደ ደከመ፣ ሐኪሟም ሙቀት ውስጥ እንዳትውል እንዳዘዛት ሁላችንም እናውቃለን። አሮጌ ኤሲዋን እስክሞት ተዉልኝ ብላ ስለለመነች፣ ከእኔ ጋር ሳታወርድ የቀረች እሷ ብቻ ናት። ሰኞ ከሰዓት በኋላ እሷ ሳሎን ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ቆጥሬያለሁ፤ አማትዎ ሶፋው ላይ፣ ባለቤትዎ ምንጣፉ ላይ፣ ጡረተኛው ዳኛ ከነፒጃማቸው በሩ ሥር። የሃያ ሁለት ዓመቱ ኤሲ ያን ሁሉ ትንፋሽ ችሎ አንድ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ በረንዳ ላይ ያለው የማራገቢያ ሞተሩ ቆመ። አሮጊቷ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ባለቤትዎ በጋዜጣ ታራግብላት ጀመር።

ያ ሞዴል ከተቋረጠ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ነገር ግን በኤፕሪል፣ አሥራ ሁለቱ ኤሲዎች ወርደው ሊጣሉ ሲሉ፣ እኔ ሁሉንም ወደ መጋዘኔ አስገብቼ ነበር። እርስዎና ወይዘሮ ፖሊክሴኒ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ነበር የገዛችሁት። ስለዚህ የእርስዎን ሞተር ፈትቼ ለእሷ ገጠምኩ። አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ የብሎን መፍቻ፣ ግማሽ ሰዓት፤ ጊዜው የዕረፍት ሰዓት ነበር፣ ዳኛው ግን እንቅልፋቸውን አላቋረጡም። የግድግዳ ኤሲ ዕድሜው አጭር ነው፤ ፊልትሮው ካልታጠበ፣ የውሃ መውረጃው ካልተጠረገ ከአሥር ዓመት አያልፍም። ከታጠበና ከተጠረገ ግን የሞተው ለሚኖረው ይተርፋል። እርስዎ የጣሉት ሞተር አማትዎን አሳድሯል፤ ስለ ስጦታዎ በእሳቸው ስም አመሰግናለሁ።

አቶ ዚሲስም ከደረጃው ተነሥቶ ገብቶ ነበር፤ ላቡ በአገጩ ይወርዳል። ወይዘሮ ፖሊክሴኒ ቀለሟ ሲመለስ ተነሥታ፣ በስኳር ያፈላችውን ጎምዛዛ ቼሪ በትንሿ ሳህን ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር አመጣች። ኤሲዋን በጠገንኩላት ቁጥር የመጀመሪያው ማንኪያ ለሃያ ሁለት ዓመት የእኔ ነበር። እጄን እንኳ አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን በእኔ ፊት አልፋ ለእሱ ሰጠችው።

«ቅመስ ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ላይ ስትጠበስ ዋልክ» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «አንቺማ የቤት ሰው ነሽ፣ ከማሰሮው ውሰጂ» አለችኝ።

ከማሰሮው ወሰድኩ። ይህን የምጽፈው፣ በአስተዳደርዎ ዘመን የደረሰብኝ ጉዳት ሁሉ በመዝገብ እንዲያዝልኝ ነው።

አራተኛ፦ ማሽኑ ሲሞት ነፋሱም ስለቆመ ቱቦው አሁን የሚያመጣው ወሬ ብቻ ነው። የእርስዎ መመገቢያ ክፍል ያለው አየር መውጫና የእኔ መኝታ ቤት ያለው በአንድ መስመር ላይ ናቸው። ሰኞ ማታ ራት ላይ ለአቶ ዚሲስ፣ «ተዋት እባክህ፣ ቅናት ነው። ሃያ ዓመት ብቻዋን ስትበላ ኖራ ሌላ ሰው እጁን ሲያስገባ አንጀቷ አረረ» ሲሉ እያንዳንዱ ቃል ከራስጌዬ ወረደልኝ። አቶ ዚሲስም፣ «ትቅና፤ ሥራዋን ግን ታውቃለች። ያን ሞተር እኔ አላገኘውም ነበር» አለ። ከእርስዎ ስድብ ይልቅ የእሱ ደግነት ነው ያንገበገበኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ተከራክረን ጊዜ አናጥፋ። እቀናለሁ። በመኪናው እቀናለሁ፣ በሸሚዙ እቀናለሁ፣ በጸጥተኛው ማሽኑ እቀናለሁ፣ በመጀመሪያው ማንኪያ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ እቀናለሁ። በቃለ ጉባኤው ይጻፍልኝ፤ እፈርማለሁ። ነገር ግን የቀናች ሴት የምትናገረው ሁሉ ሐሰት ነው የሚል አንቀጽ በሕንፃው ደንብ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሕንፃው ቀለም ሊቀባ ነውና ከነገ ወዲያ ዓርብ የማንሻ መኪና መጥቶ በሕንፃው ፊት የቀሩትን ሁለት ኤሲዎች እንዲያወርድ አዝዘዋል። የእኔን ያውርዱት፤ ሙቀቱን የሚችል ጤና አለኝ። የወይዘሮ ፖሊክሴኒን ግን፣ የጣሪያው ማሽን በሞተበትና አዲሱ ቦርድ ከሴፕቴምበር በፊት በማይመጣበት በዚህ ሳምንት፣ አይንኩባት። ይህ ለእርስዎ የሕንፃ ውበት ነው፤ ለእሷ ግን ልቧ ነው። ትእዛዙ መሻሩን በጽሑፍና በማኅተም ቢያደርጉልን፣ ቀለም ቀቢው በኤሲው ዙሪያ በብሩሽ እንዲሄድ እኔ እነግረዋለሁ።

የማሽንዎ ሞት ያልቀነሰው፣ የጎረቤቶችዎም ላብ ያላጠበው ታላቅ አክብሮቴ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ወደ እርስዎ እየወጣ፣

ታዛዥዎ ቫያ ካራፊሊ

ተጨማሪ፦ ትናንት ማታ አሳንሰር ውስጥ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ ከመንገድ በማይታየው በውስጠኛው ግቢ በኩል ለመኝታ ቤትዎ አንዲት ትንሽ ኤሲ ልሰቅልልዎ እችል እንደሆነ ጠይቀውኝ ነበር። እችላለሁ። ዕቃው ከነካርቶኑ ተዘጋጅቷል። የምገጥመው ግን የወይዘሮ ፖሊክሴኒ ወረቀት በማኅተም እጄ ሲገባ ነው። ግድግዳ መብሳቱም ጩኸት ስላለው፣ ማስታወቂያዎን በማክበር ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እንደማልሠራ ከወዲሁ አሳውቃለሁ።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት። ደብዳቤው አሁንም በአሳንሰሩ በር ላይ አለ። መልስ የለም።

ነገ፦ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ፀሐይ ግድግዳውን ሳትይዝ፣ ሦስተኛ ፎቅ። የወይዘሮ ፖሊክሴኒን ፊልትሮ ማጠብ፣ የኤሲውን መሸከሚያ ብረት አራቱንም ብሎኖች ማጥበቅ።