የማይቀመጥ ጭማቂ

ወንጂ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሁንዴ እጮኛ፣ ለእኔም ልጅ፤

አካም ጂርታ ልጄ? ይዞኛል ያልሽው ሳል ለቀቀሽ ወይ? ሻሸመኔ ዝናቡ እንዴት ነው? እናት አባትሽስ ደህና ናቸው? እኔ እንዳለሁ አለሁ። እጄ ቀርፋፋ ስለሆነ ይህችን ወረቀት ከጀመርኳት ሦስተኛ ቀኔ ነው።

የላክሽው ባዶ ጠርሙስ ደረሰኝ። ሁንዴ ሲመጣ ፊቴ ጠርቶ ያግኘኝ፣ ያን የውሃ ፌጦ ጭመቂልኝ ብለሻል። ከሌላ ወገን የመጡልሽን ሽማግሌዎች በእሱ ምክንያት እንደመለስሻቸውም ጽፈሻል።

ቅጠሉን ልለቅም ቦዩ ዳር፣ ንጹሑ ውሃ ከሚመነጭበት ወረድኩ። ጎረቤቴ አሳየች ከኋላዬ መጥታ፣ በዚህ ዕድሜሽ ልትኳኳዪ ነው እንዴ ብላ ቀለደችብኝ። ዞር ስል ፊቴን አየችና ቅርጫቱን ተቀብላኝ አብራኝ ለቀመች።

ከእንግዲህ ራስሽ እንድትሠሪው ልንገርሽ። ቅጠሉ ሲያኝኩት እንደ ፌጦ ምላስ የሚለበልበው ነው። አጥበሽ በሙቀጫ ውቀጪው፣ በንጹሕ ነጠላ ጭመቂው። መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ሞክሪው፤ ፊትሽ ላይ ብዙ ሳይቆይ ታጠቢው። ብጉር ያደርቃል። የቆሰለ ፊት ግን ያቃጥላል። የሁንዴ አባት ሲሞት ፊቴን በጥፍሬ ነጭቼ ነበር፤ እናቴ ያከመችኝ በዚሁ ነው። ሁንዴ ያኔ ትንሽ ስለነበር፣ እንዳያቃጥለኝ ብሎ እፍ ይልልኝ ነበር። ሰሞኑን ስቀባው እፍ የሚልልኝ የለም።

ከሁንዴ ጋር በአንድ መኪና የዘመተው ደሊል ባለፈው ሳምንት በክራንች መጣ። ምግብ ባቀርብለት አልቀምስም አለ። እማማ ተቀመጪ ብሎኝ፣ ሁንዴ ኪሱ ይይዘው የነበረውን ያንቺን ፎቶግራፍ ሰጠኝ። ሌላም ነገረኝ። እሱን ወረቀት ላይ ማስፈር የእኛ ወግ አይደለም።

ጠርሙሱን ወደ እናንተ የሚወርድ ሹፌር ይዞልኛል። ጭማቂው አይቀመጥም፤ ሦስት ቀን ካለፈው ይሸታል። ለእሱ ብለሽ እንዳታቆዪው። ለራስሽ ተቀቢው። ሽማግሌዎቹ ደግመው ቢመጡም በእኔ ልጅ ስም አትመልሻቸው።

ይህ ሲደርስሽ ከእናትሽ ጋር ነይ፤ ብቻሽን መንገድ እንዳትወጪ። አምላክ ፊትሽን ያብራልሽ፣ መልክሽን ከክፉ ይጠብቅልኝ።

ስትነሺ ግን፣ ልጄ፣ ጥፍርሽን ቆርጠሽ ነይ።

የሁንዴ እናት፣ ያንቺም እናት