ስልሳ አራተኛው ገጽ ላይ የቆመው ሰው

ለአስቴሬ፣ ለልጆቼ እናት፤

ሰባ አራት ዓመት ሞላኝ። ከሶዶ ገበያ እስከ ቤታችን ያለውን ዳገት አሁንም ያለ ከዘራ ነው የምወጣው። ባለ ባጃጆቹ አጠገቤ ቀስ እያሉ «አባባ፣ ይግቡ» ይሉኛል፤ በእጄ አባርራቸዋለሁ። የእንሰት ችግኝ ነቅዬ እተክላለሁ። ላሟን አጠጣለሁ። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ፤ ልጃችን ማርቆስ «አባባ፣ እኔ ልላጭህ» ቢለኝ «የራስህን ላጭ» አልኩት። እንጨትም እፈልጣለሁ፤ ድሮ በአንድ ምት የምሰነጥቀውን አሁን በአራት። ቢሆንም ይሰነጠቃል።

አንቺ ከተለየሽኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ መስመር አልጻፍኩልሽም። ናፍቆት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ዝም ብዬ እችለው ነበር። አፍሬ ነው የምጽፍልሽ። ያፈርኩትን ደግሞ ከአንቺ ሌላ የምነግረው የለኝም። ለማንም አላስጻፍኩም፤ በእጄ ነው። ሦስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ፤ ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቂ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ቆርቆሮው ተቀይሯል፤ ዝናብ ሲመጣ የምትደቅኚው ሳፋ ሥራ ፈቷል። ማርቆስ ከኋላ፣ በእንሰቱ በኩል አንድ ክፍል ጨመረ። አቮካዶሽ ጎረቤት እስኪሰለቸው አፍርቷል። ማርቆስ ያገባው አንቺ ካለፍሽ በኋላ ነውና ሚስቱን አታውቂያትም። ምሕረት ትባላለች፤ የአረካ ልጅ፣ አስተማሪ ናት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከቦርሳዋ መጽሐፍ የማይጠፋ። ሴት ልጅ ወለደችልን፤ ጽዮን አልናት። ግንባሯ ያንቺ ነው። ስትቆጣ ቅንድቧን የምትሰበስበውም እንዳንቺ ነው። እኔን ስታይ ነው የምትሰበስበው።

አሁን ወደ ነገሬ።

ሽፋን የሌለውን መጽሐፋችንን ታስታውሻለሽ። ስሙን ሳናውቅ ያነበብነውን፤ የጠፋ ወንድሙን ፍለጋ ከቤቱ ስለወጣው ሰው የሚያወራውን። እዚያ መጽሐፍ ላይ እንዴት እንደደረስኩ አንቺና ላሟ ብቻ ናችሁ የምታውቁት።

አንቺ መሠረተ ትምህርት ስትገቢ እኔ ከሴቶች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ አልቀመጥም ብዬ ቀረሁ። ስንት ዓመት በዚያ ኩራት ኖርኩ! ከዚያ አንድ ቀን ለመሬቱ ወረቀት ቀበሌ ሄደን፣ አንቺ ፈረምሽ፣ እኔ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ወጣሁ። በመንገዳችን ጣቴን ሱሪዬ ላይ ስጠርግ አየሽኝ። በማግስቱ እንሰቱ መሃል ጠርተሽኝ፣ ቅጠል ቀንጥሰሽ፣ በእሾህ «ሀ» ብለሽ ጫርሽበት። የተጫረው ትንሽ ቆይቶ ይጠቁራል፤ እንደ ቀለም። እኔ ከሥሩ እጭራለሁ፤ ስንጨርስ ማንም እንዳያይ ቅጠሉን ለላሟ እንሰጣታለን። «ስሕተትህን ሁሉ የበላች ላም፣ ወተቷ እንዴት አልመረረም» ትይኝ ነበር። ማንበብ ስጀምር ሰው ገርሞት ሲጠይቀኝ «ድሮም አውቃለሁ፣ ጊዜ አጥቼ ነው» እላለሁ፤ አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ዝም ትያለሽ። ያ ዝምታሽ ስንት እንደሚመዝን አሁን ነው የገባኝ።

ከዚያ በየጠዋቱ ንባብ ሆነ። ላሟ ከጠጣች በኋላ፣ ከቁርስ በፊት። አንዳንዱ ገጽ ሳምንት ይፈጅብናል። አንቺ መጽሐፉን ድሮ ጨርሰሽዋል፤ መጨረሻውን ንገሪኝ ስልሽ ግን «ራስህ ድረስበት» ነበር መልስሽ። የከበደኝ ቃል ላይ ጣቴን አቆማለሁ። አንቺም ወደ ሌላ እያየሽ፣ ለዶሮዎቹ የምታወሪ መስለሽ፣ ቃሉን ቀስ ብለሽ ትይልኛለሽ።

ያንን ወግሽንም አልረሳሁም። ሴቶች ልጆቻችን ወልደው ከጓዳ በሚወጡበት ቀን፣ ሰው ተሰብስቦ ሳለ፣ ሕፃኑን ታቅፈሽ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጽ ታነቢለታለሽ። የአገር ወግ አይደለም፤ ያንቺ ነው። «ጆሮውን ሐሜት ከሚቀድመው ይህ ይቅደመው» ትይ ነበር። አምስት የልጅ ልጅ እንዲህ ተቀበልሽ። አምስት ጊዜ ሰምቼ ገጹን በቃሌ ያዝኩት።

በመጨረሻሽ ሰሞን ስልሳ አራተኛው ገጽ ላይ ነበርን። ሰውየው ወንዝ ዳር ደርሷል፤ ውሃው ሞልቶ ቆሟል። በእርሳስ ምልክት አድርገሽ «ነገ እናሻግረዋለን» አልሽኝ። በነጋታው ሆስፒታል ገባሽ። ሰውየው እዚያው ቆሞ ቀረ።

ከለቅሶው በኋላ አንድ ጠዋት ስልሳ አምስተኛውን ገለጥኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ አንድ ረጅም ቃል መጣ። ጣቴን አቆምኩ። ጠበቅኩ። የሚነግረኝ የለም። ማርቆስን ልጠይቅ? ልጄ «አባቴ ለካ አይችልም ነበር» ይበል? ዘጋሁት።

ውርደቴ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ማንበብ ተውኩ አላልኩም። በየጠዋቱ ወንበሬን በረንዳ ላይ አውጥቼ፣ መጽሐፉን ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ በየመሃሉ አንድ ገጽ እየገለበጥኩ እቀመጣለሁ። መንገደኛው «ጋሽ ዳና ዛሬም ያነባሉ» ብሎ ያልፋል። ራሴን እነቀንቃለሁ። ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ መቃብርሽ ጋ መጥቼ «ጨረስኩት» አልኩሽ። በዓመቱ «ደገምኩት» አልኩሽ። ለሞተ ሰው ዋሸሁ፤ ያውም መልስ እንደማትሰጪኝ አውቄ።

ምሕረት ነፍሰ ጡር ሳለች አንድ ጠዋት መጥታ አጠገቤ ቆመች። «አባባ፣ ልጅ ሲመጣ ማንበቤ ይቀራል ብዬ ፈርቼ ነበር። ጓደኞቼ ከወለዱ ወዲህ መጽሐፍ የነካች የለችም። እርስዎ ግን በዚህ ዕድሜ አንድ ቀን አያጓድሉም። እርስዎን እያየሁ እኔም አልተውም» አለችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት ታውቂያለሽ? «ዋናው ጽናት ነው» አልኳት። መጽሐፉን አንድ ገጽ ገልብጬ!

ጽዮን መጣች። ቤቱ የኛ መሆኑ ቀረ። ሴቶች ቅቤ ይዘው ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ወንበሬ ላይ የሕፃን ጨርቅ ተሰጣ። ማንበቢያዬን ወሰዱብኝ ብዬ አኮረፍኩ። የማላነበውን ማንበብ! ምሕረት ግን እንዳለችው አደረገች። ልጇን እያጠባች በአንድ እጇ መጽሐፍ ትይዛለች። እንቅልፍ ሲጥላት መጽሐፉ ደረቷ ላይ ይወድቃል፤ ስትነቃ ካቆመችበት ትቀጥላለች። አንዳንድ ቀን አምስት መስመር ብቻ ነው። አምስቷን ግን ታነባቸዋለች።

ከጓዳ የወጣችበት ቀን ሰው ሞላ። የእንሰቱ ምግብ፣ ሙቹዋው፣ በቅቤ ርሶ ቀረበ። ማርቆስ ተነሥቶ «እናቴ ለልጅ ልጆቿ ሁሉ ታነብ የነበረውን ዛሬ አባቴ ያነባል» አለ። ጽዮንን አስታቀፉኝ። መጽሐፉን ገለጥኩ፤ ጣቴን ከላይኛው መስመር ሥር አደረግኩ፤ በቃሌ ያለውን ለቀቅኩት። ሳልሰናከል፣ ድምፄን እንዳንቺ እያወጣሁ እያወረድኩ። እልልታው ቀለጠ።

ይሄኔ ምሕረት ከጓዳ ብቅ አለች፤ እጇ ላይ አንድ ወረቀት አለ። «አባባ፣ አዘገየሁዎት፣ ይቅርታ። የመጀመሪያው ገጽ ተገንጥሎ ወድቆ አግኝቼው፣ ለዛሬ ይድረስልዎት ብዬ ጠጋግኜ...» አለችና ጣቴ ያለበትን አየች። ሦስተኛው ገጽ ነበር። መጽሐፌ አንደኛ ገጹን ካጣ ስንት ጊዜው እንደሆነ እኔ አላውቅም ነበር፤ በየቀኑ ጭኔ ላይ የማውለው ሰውዬ።

ጎረቤታችንን ጮራሞን ታውቂዋለሽ፤ ምላሱ አያረጅም። «ዳና! በሌለ ወረቀት የሚያነብ ዛሬ ገና አየሁ! እስቲ የሌለኝንም ላም አንብብልኝ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

አብሬ ብስቅ ያልቅ ነበር። እኔ ግን ወደ ምሕረት ዞርኩ። «ማን ንኪ አለሽ? የሚስቴን መጽሐፍ ቀድደሽ፣ ገጹን ደብቀሽ፣ በሰው ፊት ልታዋርጂኝ? አስተማሪነትሽን እዚያው ትምህርት ቤትሽ!» አልኳት። ሌባም አልኳት። ጮራሞ እንኳ ሳቁን ዋጠ። እሷ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ ልጇን ከእጄ ተቀበለች፣ ገባች። ለዚያች ቀን ፀጉሯን የተቀባችው ቅቤ ገና አልቀለጠም ነበር።

አራት ቀን ከሰው ጋር አልበላሁም። ማርቆስ «ሽማግሌ ይዤ ልምጣ?» አለኝ። «እኔ ራሴ ሽማግሌ ነኝ» አልኩት። እንሰቱ መሃል ዋልኩ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ከአዲሱ ክፍል ግድግዳ ጀርባ ተቀምጬ ሳለ በክፍቱ መስኮት ድምፅ መጣ። ምሕረት ለጽዮን ታነባለች። የኛን መጽሐፍ፣ ከመጀመሪያው ገጽ። ተነሥቼ ልሄድ ነበር፤ እግሬ እምቢ አለኝ። በማግስቱም ላሟን አጠጥቼ እዚያው ተገኘሁ። ሌባ ያልኳት እሷን ነው፤ ከግድግዳ ጀርባ ተደብቆ የሚሰማው ግን እኔ ነኝ። ሕፃኗ ስታለቅስ ንባቡ ይቆማል፤ እኔም እስክትተኛ እጠብቃለሁ። እንዲህ እያልን ሳምንታት አለፉና ወንዙ ዳር ደረሰች። ስልሳ አራተኛውን ጨርሳ ዝም አለች። ቀጥይ እንጂ፣ አልኩ በልቤ። አልቀጠለችም።

ለካ አይታዋለች። እስከዚያ ድረስ ያለው ገጽ ሁሉ የጣቴ እድፍ አለበት። ከእርሳስ ምልክትሽ ወዲያ ያለው ወረቀት ንጹሕ ነው።

በነጋታው መጽሐፉን የመስኮቱ ደፍ ላይ አገኘሁት። ስልሳ አምስተኛው ላይ ተገልጧል፤ እንዳይዘጋ ጠጠር ተጭኖበታል። ዙሪያዬን አየሁ፤ ሰው የለም። ከውስጥ ጽዮን ትነጫነጫለች። ጮክ ብዬ ጀመርኩ። አንደኛውን መስመር እንደምንም አለፍኩ። ሁለተኛው ላይ ያ ረጅም ቃል መጣ። ጣቴን አቆምኩ። ከውስጥ ምሕረት፣ ለልጇ የምታወራ መስላ፣ ቃሉን ቀስ ብላ አለችው።

አስቴሬ፣ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ዓይኔን ጠርጌ ቃሉን ደገምኩት። በዚያን ቀን አራት መስመር አነበብኩ፤ ላሟ እስክትጮህብኝ ድረስ። ጽዮንም ዝም ብላ ሰማች፤ ወይ ተኝታ ይሆናል። ዛሬ ስልሳ ስምንተኛው ላይ ነኝ። ሰውየው ተሻገረ። ውሃው እስከ ደረቱ መጣ፤ ግን ተሻገረ።

በመስኮት ሥር ማንበብ ግን ይቅርታ አይደለም። ማርቆስ «ገብቷታል አባባ፣ ተወው» ይለኛል። ምሕረትም ምሳዬን ስታቀርብልኝ ፊቷ ላይ ቂም የለም፤ ይህ ደግሞ ይብስ ያሳፍረኛል። የሰደብኳት በሰው ፊት ነው። በጓሮ በኩል አይመለስም።

እንግዲህ ዕዳዬን እዚህ ልጻፈው። ማርቆስ አይከፍልልኝም፤ ሽማግሌም አይገባበትም። አፌ ያመጣውን አፌ ይክፈል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እነዚያኑ ሰዎች እጠራለሁ፤ ጮራሞንም። ምሕረትን በፊታቸው «ሌባ አይደለሽም፤ ውሸታሙ እኔ ነበርኩ፤ ይቅር በይኝ» እላታለሁ። «ዋናው ጽናት ነው» ያልኳትንም አነሣለሁ፤ ጽናቱ የሷ እንደነበር እነግራታለሁ።

ለጽዮን አንድ ገጽ አለብኝ። የተጠጋገነውን ወረቀት ይዤ፣ ጣቴን ከየቃሉ ሥር አድርጌ፣ በቃሌ ሳይሆን በዓይኔ አነብላታለሁ። እሰናከላለሁ። ጮራሞ ከሳቀ ይሳቅ፤ እሱም ላሙን እስካሁን አላገኘም።

ላንቺ ሁለት አለብኝ። ለጊፋታ ስመጣ «ጨረስኩት» አልልሽም፤ ያለሁበትን ገጽ ቁጥር እነግርሻለሁ፤ ትንሽም ቢሆን።

ሁለተኛው የቆየው ነው። እሑድ አንብቤ ስጨርስ፣ ሳይጠይቁኝ፣ ማን እንዳስተማረኝ እነግራቸዋለሁ። ስለ ቅጠሉና ስለ እሾሁ፣ ስለ ላሟም ጭምር። ስምሽን ጮክ ብዬ እጠራለሁ።

ዳና
በእጄ የፈረምኩ