በአባታችን ቤት የተመዘገቡት አሥራ አንድ መራጮች

ለማከብርህና ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለራዲሻ፣

እንደምን ከርመሃል ወንድም ጋሼ? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ስላቪካ እንዴት ናት? የቪየና ብርድ ልጆቹን አላሳላቸውም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዶሮዎቼም ይጥላሉ። ከንዴት በቀር ያመመኝ ነገር የለም። ስልክ ያልደወልኩት ስጮህብህ ትዘጋብኛለህ ብዬ ነው። ይህን ቁጭ ብለህ አንብበው።

ባለፈው እሑድ የከተማው ምክር ቤት ምርጫ ነበር። የከንቲባው አማች ወንዛችንን ስቱዴናን ቧንቧ ውስጥ ከትቶ መብራት ሊያመነጭባት እንደተነሣ ታውቃለህ። ውሃው ሄዶ ለእኛ ድንጋይና እንቁራሪት ሊቀርልን ነው። እኛም መምህር ቬሊቦርን፣ ያንን አንተን ጆሮህን እየጎተተ ሒሳብ ያስተማረህን ሰው፣ ከፊት አስቀድመን «ስቱዴና ትፍሰስ» የምትባል ትንሽ ፓርቲ አቋቋምን። ሽማግሌው በዚያ በታመመ ጉልበቱ ከበር በር እየዞረ ፊርማ ለቀመ። ገበያ ላይ «ሦስት ጡረተኛና አንዲት እንቁላል ሻጭ አገር ሊያስተዳድሩ!» እያሉ ሲሳለቁብን ከረሙ። እንቁላል ሻጯ እኔ ነኝ። ይሳቁ! ወደ መጨረሻው ላይ ሳቃቸው እየሳሳ መጥቶ ነበር።

በምርጫው ዕለት የፓርቲያችን ታዛቢ ሆኜ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከመዝገቡ አጠገብ ተቀምጫለሁ። እኩለ ቀን ላይ አንድ ነጭ ሚኒባስ መጥቶ የማላውቃቸውን ሰዎች አራገፈ። ቀይ ኮፍያ ያደረገ አንድ ረጅም ሰውዬ መታወቂያውን ሰጠ። የጣቢያው ኃላፊ ጮክ ብሎ «ሊፖቫ መንገድ፣ ቁጥር አሥራ አራት» ብሎ ሲያነብ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። የአባታችን ቤት! ካቻምና በረዶ የወጥ ቤቱን ጣሪያ ከናደው ወዲህ ድመት እንኳ የማያድርበት ቤት! «ለመሆኑ የግቢው በር በየት በኩል ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሴትዮ፣ ልመርጥ እንጂ ቤት ልገዛ አልመጣሁም» አለኝ፤ ከኋላው የተሰለፉት ሳቁ። አሥራ አንድ ናቸው፤ አሥራ አንዱም ከዚያው ቤት። ኃላፊው ላይ ብጮህበት «መዝገብ ላይ ካለ ይመርጣል። ጣሪያ የሚቆጥር ሕግ የለም» ብሎኝ ለሁሉም ወረቀት አደላቸው።

ድምፁ ሲቆጠር ለሦስተኛ ወንበር ስድስት ድምፅ ጎደለን። ስድስት! ያቺን ወንበር ብናገኝ የከንቲባው ሰዎች አብላጫውን አጥተው ቧንቧውም ይቀር ነበር። መምህር ቬሊቦር የካፖርቱን ቁልፍ አዛብቶ ቆልፎ ወጣ።

በነጋታው ነዋሪዎች ወደሚመዘገቡበት ቢሮ ገሰገስኩ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን አዙራ አሳየችኝ፤ ሰዎቹ በቤቱ እንዲመዘገቡ የባለቤቱ ፈቃድ ከነፊርማው። ያንን እንደ ጭልፋ የታጠፈውን የስምህን መጀመሪያ ፊደል እንዴት አጣዋለሁ? ወንድም ጋሼ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ በቀጥታ የአጎታችን ልጅ ሚሎያ ዘንድ ሄድኩ። ማዘጋጃ ቤት ከተቀጠረ ወዲህ ሰው ቀና ብሎ አያይም፤ እኔን ሲያይ ግን አጥሩን ተደግፎ ሳቀ። «በኦገስት ለእናታችሁ ተዝካር የመጣ ጊዜ ነው የፈረመው፤ ከመብራት ቆጣሪው ወረቀት ሥር አድርጌ ሰጠሁት» አለኝ፣ ምንም ሳያፍር። «ቢያነበውስ ኖሮ እምቢ የሚል መስሎሻል? እሱ እንደሆነ የሚጠጣው የቪየናን ውሃ ነው።» በእማዬ ተዝካር! ሻማዋ እየነደደ! «ንፍሮዋን እየበላህ ነው ይህን የሠራኸው?» ብዬ ጮህኩ። «ቀስ በይ ዴሳንካ፣ እንቁላልሽ ይሰበራል» አለኝ።

አቤቱታ አስገብተናል። ፍርድ ቤቱ የቤቱ ባለቤት በእጁ የጻፈው ቃል እስከ ሰኞ ካልደረሰኝ የአቤቱታውን መዝገብ እዘጋለሁ ብሏል። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የአውቶቡስ ሹፌሩ ልዩቦ ዓርብ ይመለሳል፤ ቆሞ ይጠብቅሃል። «በቤቴ ማንም አይኖርም፤ የፈረምኩት ተታልዬ ነው» ብለህ ጻፍ። ይህ እውነት ከሆነ ማለቴ ነው። አውቀህ ከፈረምክ ግን አትዋሽልኝ፤ በውሸት የምትገኝ ወንበር እኛም አንፈልግም። ልዩቦን ባዶ እጁን መልሰው፣ ይገባኛል። እኔ ግን በሰው ሁሉ ፊት «ወንድሜ አላወቀም» ብዬ በእማዬ አፈር ምዬአለሁ። መምህር ቬሊቦር «ትልቅ መሐላ ነው ልጄ» አለኝ።

ስላቪካን አቅፈህ ሳምልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖልኛል። ቮይን የወለቀች ጥርሱን ፎቶ መላክ እንዳይረሳ። ኢስክራንም ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። ዋና የተማረችው ስቱዴና ውስጥ ነውና ስለ ቧንቧው ገና አትንገራት።

መልስህን የምትጠብቅ እህትህ፣
ዴሳንካ

ዶልኒ ብሮድ፣ ሰርቢያ
ረቡዕ፣ ኖቬምበር 22